ስልቻ ይዞ ጥጃ የፈለገው ሰው

አንድ ገበሬ ነበር። ስሙን ደምለው እንበለው፤ እውነተኛ ስሙን ብናገር እሱም ያፍራል፣ እኔም አፍራለሁ።

ደምለው የሚኖረው እንደ እኛ ባለ ወይና ደጋ አገር ነው። ከበላዩ ያለው ደጋ ገብስና ባቄላ ያበቅላል። ከበታቹ ያለው ቆላ ማሽላ ያበቅላል። እሱ መካከል ላይ ነው፤ መካከል ላይ ያለ መሬት ደግሞ ብዙ ዓይነት ዘር ይቀበላል። አባቱ ይህን ያውቁ ነበር። ስንዴውን ከላይ፣ ጤፉን ከመካከል፣ ሽምብራውን ከታች በጥቁሩ አፈር ላይ ይዘሩ ነበር። በከብት መንገዱ ዳር ዳር ደግሞ ኑግ ይዘሩ ነበር፤ ኑግን ከብት ስለማይበላው ለሌላው አዝመራ አጥር ይሆናል። መሬቱን እንዲህ አድርገው አወረሱትና ሞቱ።

አንድ ዓመት ስንዴው አማረለት። ጥሩ ዋጋም አወጣ። በቀጣዩ ዓመት ደምለው ምን አደረገ? ጤፉን ተወ። ሽምብራውን ተወ። የዳሩን ኑግ እንኳ ተወ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንዴ ዘራ። ለዘር የተቀመጠውን ሽምብራም «ከእንግዲህ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ክረምቱን በሽሮ ጨረሰው። ሰፈሩም እሱን አይቶ እንዲሁ አደረገ።

አንዲት ሴት ብቻ አልተከተለችውም። እሷን አንጓች እንበላት። ባሏ ሞቶባት በሰው በሬ የምታሳርስ ሴት ናት። በዚያች ጠባብ መሬቷ ላይ ሽምብራ ሳይቀር አምስት ዓይነት ትዘራለች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሞ ሲጫወት ደምለው ጠራት።

«አንጓች! ያንቺው እርሻ ነው ወይስ የለማኝ አኮፋዳ? ከየቤቱ የተለቀመ ሁሉ አለበት እኮ!»

ሰው ሳቀ። አንዱም ከኋላ «በርበሬና ጨው ጨምሪበትና ወጥ ይሁን!» አላት። አንጓች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ከግቢው ወጣች።

ከሳቁት መካከል እኔም ነበርኩ። ይህን ሳልናገር ወሬውን መቀጠል አልችልም።

መስከረም ሲጠባ ስንዴውን ዋግ የሚሉት ቀይ በሽታ መታው። ደምለው እርሻውን አቋርጦ ሲወጣ የነጭ ጋቢው ጠርዝ እንደ ዛገ ብረት ቀልቶ ነበር። ዛላውን በመዳፉ ፈተገው። ፍሬ የለውም። የአንጓችም ስንዴ ተመትቷል፤ ጤፏና ኑጓ ግን ቆመዋል።

ለደምለው አንድ ተስፋ ቀርቶታል። የታችኛው ጥቁር አፈር ገና እርጥብ ነው። ስንዴውን አጭዶ ለከብት ቢሰጥና መሬቱን ገልብጦ ሽምብራ ቢዘራበት፣ ልጆቹ ዓመቱን ይሻገራሉ። ግን ዝናቡ ቆሟል። አፈሩ በየቀኑ እየደረቀ ነው። ዘሩስ ከየት ይምጣ? ገበያ ወጣ። የደጋ ሰው ገብስ አምጥቷል። የቆላ ሰው ማሽላ አምጥቷል። ሽምብራ ያመጣ የለም። ለዚያ ገበያ ሽምብራ የሚያወጡት ድሮም የእሱ ሰፈር ሰዎች ነበሩ!

የአንጓች ቤት ብቻ ቀረ። ባዶ ስልቻውን አንጠልጥሎ ሄደና አጥሯ ጋ ቆመ።

«አያ ደምለው! ምነው በአጥር በኩል? በበሩ ግባ እንጂ» አለችው።

አፉን ከፈተ። ዘር ሊጠይቃት ነው የመጣው። ግን ምን አለ መሰላችሁ?

«ጥጃ ጠፍቶብኝ ነው።»

ፊቱን አየችው። ከዚያ እጁን አየችው።

«ጥጃ በስልቻ ነው እንዴ የምትፈልገው?»

«አይ፣ እንዲሁ ይዤው ነው» አለና ተመለሰ።

ሚስቱ ደጅ ላይ ጠበቀችው። «ሰጠችህ?» «ቤት የለችም» አላት። በማግስቱም «የለችም» አላት። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ አንጓችን ወንዝ ላይ አገኘቻትና ነገሩን ሁሉ ሰማች።

«ሰው ፊት ለመስደብ ያላፈርክ፣ ብቻዋን ለመለመን ታፍራለህ?» አለችው። «እፍረትህን ለልጆቼ ጋግሬ ላብላቸው?»

በአራተኛው ቀን ሄደ። አሁን በበሩ ገባ።

«አንጓች፣ የጠፋብኝ ጥጃ አይደለም። ዘር የለኝም። ያን ዕለት በሰው ፊት ያልኩሽም...» አለና መጨረስ አቃተው።

እሷ ከበሩ ጀርባ የታሰረ ከረጢት አወጣች። «ያን ቀን ገና ከመዞርህ ነው የሰፈርኩልህ» አለችው። «ይኸው አራት ቀን ዶሮ ስከለክልልህ ሰነበትኩ። ለመሆኑ ጥጃህ ተገኘ?»

ደምለው አለቀሰ።

በዚያው ቀን ዘራው። በስተታች ካለው ረግረግ አጠገብ የተዘራው በቀለ። ከፍ ባለው በኩል አፈሩ ደርቆ ነበርና ዘሩ እንደተዘራ ቀረ። እኩሌታው አረንጓዴ፣ እኩሌታው ባዶ። ያን ባዶ መሬት የወሰደበት ማን ነው? ዋግ ነው? ዋግማ የወሰደው ስንዴውን ነው። ይህን የወሰዱት እነዚያ የእፍረት ቀኖች ናቸው። አንጓች ከልክላዋለች? አልከለከለችውም። ዘሩ ተሰፍሮ ከበሩ ጀርባ ተቀምጦ ነበር።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እኔ ልጃችሁ ነኝ፤ እናንተን ለመምከር ድፍረቱ የለኝም። ልጠይቃችሁ ብቻ። እንደ እኛ ስላልሆነ የሳቅንበት ሰው የለም? በዚያ ሰው እጅ ያለውን ዛሬ ፈልገን፣ በደጁ አልፈን አልፈን የተመለስን የለንም?

እዚህ ቤተ ክርስቲያንስ ለምን መጣን? ባዶ ስልቻችንን እግዚአብሔር ያየዋል። እኛ ግን ስለ ዝናቡ እንነግረዋለን፣ ስለ ከብቱ እንነግረዋለን፣ ስለ ጎረቤታችን ጠባይ እንነግረዋለን። ምሕረቱ ተሰፍሮ ከበሩ ጀርባ ተቀምጧል። እኛ አጥሩ ጋ ቆመን «ጥጃ ጠፍቶብን ነው» እንላለን። እስከ መቼ?

ያቺን ሴት እኔ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ሁለት ጊዜ እስከ አጥሯ ሄጄ ተመልሻለሁ። ዛሬ ከዚህ እንደወረድኩ እሄዳለሁ፤ በበሩም እገባለሁ። እናንተም የምትሄዱበት ደጅ ካለ ነገ አትበሉ፤ አፈሩ ሳይደርቅ ዛሬውኑ ሂዱ።