የታንጉት ጥልፍና በር ላይ የተጻፈው ቃል

ጆሮውን ላዋሰኝ አንዲት ተረት አለችኝ።

ታንጉት የምትባል ጥልፍ ጠላፊ ነበረች። የጎረቤቷ የይመኙሻል ልጅ እሑድ ትዳራለች። የቀሚሷ ንድፍ ያለው ታንጉት ቤት፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ታንጉት የፈለገችው እሱን ብቻ ነበር።

ኮምፒውተሩ ግን ንድፉን አልከፍትም አለ። በኔትወርክ ሾልኮ የገባ ቫይረስ ሆዱ ውስጥ ተቀምጦበታል።

ታንጉት ጸረ-ቫይረሱን፣ ቫይረሱን አስወጣልኝ አለችው። እሱም አላስወጣም አለ፤ ማሻሻያ ካልመጣለት አቅም የለውም።

ማሻሻያውን ለመነችው። ጸረ-ቫይረስ ቫይረስ አላስወጣ አለ፣ ኮምፒውተር ንድፍ አልከፍት አለ፣ እባክህ ና። ማሻሻያውም አልመጣም አለ፤ የኢንተርኔቱን መንገድ መንደርተኛው ሞልቶታል፣ አከፋፋዩ ራውተር በሩን ይዝጋ።

ወደ ራውተሩ ሄደች። ማሻሻያ አልመጣ አለ፣ ጸረ-ቫይረስ ቫይረስ አላስወጣ አለ፣ ኮምፒውተር ንድፍ አልከፍት አለ፣ በርህን ዝጋ። ራውተሩም አልዘጋም አለ፤ የይለፍ ቃሉን የማያውቅ የለም፣ የግቢው ባለቤት ጋሽ መንበሩ ይቀይሩት።

ጋሽ መንበሩ ለጠየቃቸው ሁሉ መንገር ቢሰለቻቸው፣ «ቤትለእንግዳ» ብለው የውጭው በር ላይ በነጭ ቀለም ጽፈውታል። እሳቸውም አልቀይርም አሉ፤ የሠርግ እንግዶቿን ኢንተርኔት ከከለከልኩ ይመኙሻል ትቀየመኛለች።

ታንጉት እጅ አልሰጠችም። ነጠላዋን አጣፍታ ይመኙሻል ቤት ገባች። ገና ነገሩን ሳትጨርስ ይመኙሻል፣ እንግዳ የሚከለክል ሰው ዕድራችን ውስጥ ምን ይሠራል አለች። ታንጉት ቁጭ ብላ ቆጠረችላት።

«አንቺ አልፈቅድ አልሽ፣ ጋሽ መንበሩ ቃሉን አልቀይር አሉ፣ ራውተር በር አልዘጋ አለ፣ ማሻሻያ አልመጣ አለ፣ ጸረ-ቫይረስ ቫይረስ አላስወጣ አለ፣ ኮምፒውተር ንድፍ አልከፍት አለ። ልጅሽ እሑድ ምን ትልበስ?»

ይመኙሻልም፣ «ሠርገኛው ኢንተርኔት ሲለኝስ ምን ልበል?»

«እንግዳ የት ነው የምታስቀምጪው?»

«ሳሎን ነዋ።»

«ጓዳሽ ይገባል?»

«ጓዳ ምን ሊሠራ!»

«ራውተሩም ለእንግዳ የተለየ ክፍል አለው። እዚያ ይቀመጡ፤ ጓዳው ለቤተሰብ።»

ይመኙሻል ፈቀደች። ጋሽ መንበሩ ቃሉን በታንጉት እጅ አስቀየሩ፤ ለእንግዳም ክፍሉን ከፈቱ። ራውተሩ በሩን ዘጋ፣ ማሻሻያው መጣ፣ ጸረ-ቫይረሱ ቫይረሱን አስወጣ፣ ኮምፒውተሩ ንድፉን ከፈተ፣ ታንጉት ጠለፈች፣ ሙሽራዋ ለበሰች።

በሠርጉ ዕለት አንድ እንግዳ ጋሽ መንበሩን የይለፍ ቃል ጠየቃቸው።

«የሳሎኑን እነግርሃለሁ፤ የጓዳውን ግን ታንጉት ለእኔም አልነገረችኝ» አሉት።

ተረቴም እቤቷ ገባች፤ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።