ነቀዝ እምቢ ያለው ገብስ

አንድ ሰው ሚስቱን እጅግ ይወድ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ያጠፋው በዚሁ ፍቅሩ ስለሆነ ነው። ኋላ ስትሰሙት ለመፍረድ እንዳትቸኩሉ።

ሰውየው ጫንያለው ይባላል፤ ሚስቱ አስናቀች። መንደራቸው ሐይቅ ዳር ነው፤ ሙቀቱ የሚያይል፣ ወባ የማይጠፋበት ቆላ። በተጋቡ በዘጠነኛው ዓመት አስናቀች ፀነሰች። ዘጠኝ ዓመት። ልጅ የጠበቃችሁ ሰዎች ይህን ቁጥር ታውቁታላችሁ፤ ያልጠበቃችሁ ግን ልገምተው ብትሉም ልኩ አይመጣላችሁም።

ጫንያለው ምን አደረገ? ሚስቱ ገና የሦስት ወር እርጉዝ ሳለች የአራስ ገንፎዋን አሰበ። ገብስ በዚያ ቆላ አይበቅልም። ስለዚህ በታኅሣሥ ግማሽ ቀን ተጉዞ ደጋ ገበያ ወጣና ፍሬው የሞላ፣ ነጭ ገብስ መርጦ በከረጢት አመጣ። "ይህ የአስናቀች ነው፤ ማንም እንዳይነካው" አለ።

ግን ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ስድስት ወር ነው። ቆላ ላይ ነቀዝ ስድስት ወር ይታገሣል? አይታገሥም። ጫንያለው ደግሞ አንድ ነገር ነበረው። ሟች አጎቱ በየቤቱ እየዞረ የወባ መድኃኒት የሚረጭ ሠራተኛ ስለነበር፣ ነጭ ዱቄት የያዘ ቆርቆሮ ጓዳ ውስጥ ትቶለት ነበር። ዲዲቲ ነው። በመንደሩ ይህ ነውር አልነበረም፤ በባቄላውም በበቆሎውም ላይ ቆንጠር አድርጎ መነስነስ የተለመደ ነው። "ሲታጠብ ይለቃል" ይባላል። ማን አለ? ማንም አያውቅም፤ ይባላል።

ጫንያለው ዱቄቱን በማንኪያ ለክቶ፣ ከገብሱ ጋር በእጁ አዋሕዶ፣ የከረጢቱን አፍ በገመድ አሰረ። በየወሩም እየፈታ አየው። አንድም ነቀዝ የለም። ደስ አለው።

ልብ በሉ። ሰውየው ቸልተኛ ቢሆን ኖሮ ገብሱን ነቀዝ ይበላው ነበር፤ ቤቱም ይድን ነበር። የጎዳው ትጋቱ ነው።

በሰኔ አስናቀች ሴት ልጅ ወለደች። እናቷ እማማ ተዋበች ሊያርሷት መጡ። ገብሱን አጥበው፣ ቆልተው፣ አስፈጭተው ገንፎውን በቅቤ አቀረቡላት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የገንፎው ዱቄት አለቀና እማማ ተዋበች ሌላ ገብስ ሰፌድ ላይ አፈሰሱ። አንገዋለሉት። ከዚያ ቆም አሉ።

"ጫንያለው፣ ይህ ገብስ ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ከታኅሣሥ ነው፣ እማማ።"

"ስድስት ወር። በዚህ ሙቀት።" ሰፌዱን ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። "አንድ የተበሳ ፍሬ የለበትም።"

"ተንከባክቤው ነዋ" አለ ፈገግ ብሎ።

"እንክብካቤማ ደግ ነው። ነቀዝ ግን እንክብካቤ አይፈራም። ምን አደረግህበት?"

ነገራቸው። ምንም አልደበቀም፤ የሚደበቅ ነገር መሆኑንም አላወቀም። እማማ ተዋበች ሰፌዱን መሬት ላይ አኖሩ። "ነቀዝ እምቢ ያለውን ለልጄ አበላኋት" አሉ። "አበላሃት" አላሉም። "አበላኋት" አሉ። እኚህን ሴት ስለዚህች አንዲት ቃል እወዳቸዋለሁ።

በዚያው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በላይነሽ አራሷን ልትጠይቅ መጣች። እማማ ተዋበች በር ላይ ይዘው ጠየቋት። በላይነሽ አልዋሸችም። "ይህ ዱቄት ሲታጠብም ሲቆላም ሙልጭ ብሎ አይለቅም። ገላ ውስጥ ከገባ ስብ ውስጥ ተኝቶ ብዙ ዓመት ይቀመጣል። ከእናትየው በወተት ወደ ልጅ ያልፋል። አካሏና አእምሮዋ ገና እየተሠራ ላለ ሕፃን ጥሩ አይደለም" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ገብስ እንዳትቀምስ።" ሌላ ምጥ የያዛት ሴት ነበረችና ተጠርታ ሄደች።

አስናቀች ከመጋረጃው ጀርባ ይህን ሁሉ ሰማች።

ሕፃኗ ስታለቅስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "መርዝ አላጠባም" አለች። እናቷ ለመኗት፤ ባሏ ለመናት። "ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኋትን በገዛ ጡቴ ልግደላት?" አለቻቸው። የላም ወተት በጡጦ ተሰጠ።

አንድ ቀን አለፈ። በሁለተኛው ቀን ሕፃኗን ተቅማጥ ያዛት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የአናቷ እርግብግቢት ጎደጎደ፤ ለቅሶዋም ድምፅ አልነበረውም። ጫንያለው ሮጦ በላይነሽን ይዟት መጣ።

በላይነሽ ሕፃኗን አየች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ "መጀመሪያ አጥቢያት፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን" አለች።

"ወተቴ መርዝ አለበት ብለሽ የለም?"

"ብያለሁ። ግማሹን ሰምተሽ ቀረሽ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ግማሽ ተናግሬ ሄድኩ። ሌላውን ግማሽ አሁን ስሚ። ይህ ነገር በእኔም ገላ ውስጥ ይኖራል፤ ቤታችን ስንት ዓመት ሲረጭ ኖሯል። እናትሽም ሲያጠቡሽ ሰጥተውሽ ይሆናል። ላሟስ የምትግጠው የት ነው? ሌላ አገር ነው? ግን ልጅሽን ከበሽታ የሚጠብቃት ነገር ያለው በወተትሽ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ አታገኚውም። ዱቄቱ በዓመታት ሊያደርግ ይችላል ብለሽ የፈራሽውን፣ ጡጦው በሦስት ቀን ሊያደርገው ነው። የሚዘጋው ጡትሽ አይደለም፣ አስናቀች። የሚዘጋው ከረጢቱ ነው።"

አስናቀች እጇን ዘረጋች። ጡቷ ሦስት ቀን ተጋትሮ ድንጋይ ሆኗል። ሕፃኗ አንዴ ሳተችው፣ ሁለቴ ሳተችው፣ በሦስተኛው ያዘችው። እማማ ተዋበች እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ በር ላይ ተገትሮ የቀረውን አማቻቸውን "አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ፣ በቅሎ ጫን" አሉት።

ልጅቷ ዳነች። በሳምንቱ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ መጥባት የጀመረው አፏ ሌላ ነገር አይፈልግም ነበር። የቀረው ከረጢቱ ነው። ጫንያለው በላይነሽን ጠየቃት።

"ለዶሮዎቹ ልስጠው?"

"እንቁላሉን ማን ሊበላው ነው?"

"ለላሟስ?"

"ቅቤው ለማን ነው? ለአራሷ አይደለም?"

"እሺ፣ ሐይቁ ውስጥ ልድፋው።"

"ዓሣውን ጎረቤትዎ ያጠምደዋል፣ ጋሼ።"

"እቀብረዋለኋ።"

"የጉድጓድ ውኃችሁ በየት በኩል ነው?"

"እንግዲያው ላቃጥለው።"

"ጭሱን ማን ይተነፍሰዋል?"

እማማ ተዋበች ከጓዳ ሆነው "ይህ ሰውዬ ከገብሱ ጋር መሄጃ አጣ" አሉ፤ አስናቀችም ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

በመጨረሻ ገብሱም ቆርቆሮውም በበርሜል ታሽገው፣ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ለሚሰበስበው የወረዳው የግብርና ባለሙያ ተሰጡ። እማማ ተዋበች ደግሞ የገዛ እናታቸው ማሽላን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ያስቀምጡ እንደነበር አስታወሱ። የጤፉ ደቃቅ ፍሬ መሐል መሐሉን ሲሞላው ነቀዙ መሹለኪያ ያጣል። ሲፈለግ በወንፊት ይለያል። ለሃያ ዓመት ረስተውት ነበር። ነጩን ዱቄት መነስነሱ ይቀላላ።

በሰማንያው ቀን ልጅቷ ክርስትና ተነሣች። ጎረቤት ሁሉ ከደጋ ያስገዛውን ገብስ ይዞ መጣ። እማማ ተዋበች አንዱን ሰፌድ ላይ አፍስሰው ሲያንገዋልሉ አንዲት ነቀዝ ከፍሬዎቹ መሐል ወጥታ በሰፌዱ ጠርዝ መሄድ ጀመረች። ሴትየዋ ትክ ብለው አዩዋት።

"ጫንያለው፣ ና እስኪ። የምሥራች ነጋሪ መጥታልናለች።"

የተወደዳችሁ፣ እናንተስ?

ጓዳችሁ ውስጥ ያ ቆርቆሮ የለም? ስም የሌለው ዱቄት፣ ከአጎት የተወረሰ፣ "ይባላል" በሚል ብቻ የምትነሰንሱት? ካለ ዛሬ ስትመለሱ አውጡት፤ ግን "ወዲያ" አትጣሉት። ጫንያለው አምስት ቦታ ፈልጎ "ወዲያ" የሚባል ቦታ አላገኘም። ወዲያ ያላችሁት የሌላ ሰው ማዕድ ነው። ለሚያውቅ ሰው አስረክቡት።

ሌላም ጓዳ አላችሁ። በዚያኛው ውስጥ ምን ተቀምጧል? ባለፈው ዓመት ከወንድማችሁ ጋር የተኳረፋችሁት ኩርፊያ የት ሄደ? አልሄደም። ስብ ውስጥ ተኝቷል። ልጆቻችሁ የሚጠቡት የምትመክሯቸውን ብቻ ይመስላችኋል? ያከማቻችሁትንም ይጠባሉ።

ይህን ስትሰሙ ግን የአስናቀችን ስሕተት እንዳትደግሙ እለምናችኋለሁ። አባት አለ፣ በቁጣው ስለሚያፍር ልጆቹ ሲተኙ ብቻ ቤት የሚገባ። እናት አለች፣ "እኔ ምን ንጽሕና አለኝና" ብላ ልጇን ጸሎት ማስተማር የተወች። ሙሉ በሙሉ ንጹሕ እስክትሆኑ ልጆቻችሁ በማን ጡጦ ይደጉ? እግዚአብሔር ልጅ የሚሰጠው ለንጹሐን ብቻ ቢሆን በዚህ ጉባኤ ማን "አባዬ" ይባል ነበር?

ከረጢቱን ዝጉ። ጡቱን አትዝጉ። ሁለቱን ለዩ።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ እህላችሁን ሰፌድ ላይ አፍስሱት። አንዲት ነቀዝ ስትሄድ ካያችሁ አትቆጡ፤ ልቀሟትና ጣሏት። ከዚያ ልጃችሁን አንሥታችሁ እቀፉ።