«ትንሽ ጉንፋን ነው»

አንዲት ሴት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት። ይህች ሴት ከቤቷ ስትወጣ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የምትሄደው። በግራ በኩል ገበያው ይርቃታል፤ ቤተ ክርስቲያኑም ይርቃታል። ታዲያ ለምን በግራ ትሄዳለች? በቀኝ በኩል፣ መታጠፊያው ላይ፣ የጎረቤቷ ፎቶ ተሰቅሏል!

ጎረቤቷ እቴነሽ ትባላለች። ልቧን ታማለች። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናውን ከሁለት ወር በላይ አታዘግዪው ብለዋታል። የሰፈሩ ወጣቶች ፎቶዋን በትልቅ ባነር አሠርተው፣ «ወገን፣ ይህችን እናት እናድናት!» ብለው ሰቀሉት። ሚኒባስ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው ሰፈር ለሰፈር ይዞራሉ። ሊስትሮው ይሰጣል፤ ባለሱቁ ይሰጣል፤ ታክሲ ውስጥ ያለው ሰው በመስኮት እጁን አውጥቶ ይሰጣል።

ታዲያ ይህች ሴት፣ እትዬ ትርፌ፣ ደስ አላት? አልዋሻችሁም፤ ቆሽቷ ነው ያረረው።

«ለእሷ ሲሆን ሰው አለ!» ትላለች ለብቻዋ። «የእኔ ንጋቱ በኩላሊቱ ሲማቅቅ የት ነበሩ? የእሱ ፎቶ አያምርም ነበር?»

የባሰው ደግሞ ምን መሰላችሁ? እቴነሽ በፎቶው ላይ ያሰረችው ሻሽ የትርፌ ነው! ለጥምቀት ተውሳ በዚያው ያስቀረችው ሻሽ። «በገዛ ሻሼ ሰው ታስለቅሳለች!» አለች ትርፌ። ሳቃችሁ? ሳቁ፣ ግድ የለም። ቅናት እንዲህ ናት፤ ሰው ሊሞት ተቃርቦ ሻሽ ታስቆጥራለች።

አንድ እሑድ የእድር ስብሰባ ተጠራ። እድራቸው የድሮ እድር ነው፤ ለሞተ እንጂ ለታመመ አይሰጥም። ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስት አለው፤ ለመድኃኒት ግን ደንብ የለውም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ፈለቀ ተነሡና፣ «ወገኖቼ፣ ሰው እስኪሞትብን ለምን እንጠብቃለን? ደንቡን እንለውጥና ለእቴነሽ የጎደለውን እንሙላላት» አሉ። ደንቡ የሚለወጠው ግን አንድም ሰው ካልተቃወመ ብቻ ነው።

«የሚቃወም አለ?»

እትዬ ትርፌ ተነሣች።

«እኔ አለሁ! ባሌ ሲሞት ድንኳን ተከላችሁልኝ። ድንኳን! ንጋቱ የቸገረው ድንኳን ነበር? ለእሱ ያልተለወጠ ደንብ ዛሬ ለማን ነው የሚለወጠው?»

ጋሽ ፈለቀ አንገታቸውን ደፉ። ከኋላ እቴነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እትዬ ትርፌ፣ እውነትዎን ነው። ግን እኔ መጥቼ ነበር። ሦስቴ በርዎን አንኳኩቻለሁ። ጋሽ ንጋቱ ጠፉ፣ ደህና ናቸው ወይ ብዬ ስጠይቅዎ ምን አሉኝ?»

ምን ብላት ነበር? በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ክፍተቱ ላይ ቆማ፣ «ትንሽ ጉንፋን ነው» ነበር ያለቻት። ባሏን ጎህ ሳይቀድ በጋቢ ሸፍና ነበር ሐኪም ቤት የምትወስደው፤ ሰው እንዳያይ። አንድ ቀን እሱ ራሱ፣ «ትርፌ፣ ለፈለቀ ብነግረውስ?» ቢላት፣ «ሰው ምን ይላል? ገመናችንን አደባባይ ልታወጣው ነው?» አለችው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ አልጠየቃትም።

እስኪ ንገሩኝ፣ ይህች ሴት የቀናችው በባነሩ ነው? በብሩ ነው? አይደለም! እቴነሽ «አመመኝ፣ ድረሱልኝ» ማለት መቻሏ ነው ያንገበገባት። እሷ ያንን ቃል ከባሏ አፍ ነጥቃው ነበር።

ትርፌ እንደ ቆመች ወደ ጋሽ ፈለቀ ዞረች። «ንጋቱ ሊናገር ነበር» አለች። «አፉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ደንቡን ለውጡት።»

ልትቀመጥ ስትል ወደ እቴነሽ ዞረች። «ሻሼን ግን አልተውኩልሽም! ስትድኚ በገዛ እጅሽ አጥበሽ ታመጪልኛለሽ።»

ቅናቷ በዚያ ቀን ለቀቃት? የለም፣ አልለቀቃትም። ግን በማግስቱ ከቤቷ ስትወጣ በቀኝ በኩል ሄደች።

ወገኖቼ፣ አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እኛ ግን መደበቅ ክብር ይመስለናል። እኛው ደብቀን፣ እኛው መልሰን «ማን ጠየቀን?» እንላለን። በጎረቤቱ እርዳታ ቆሽቱ ያረረ ሰው እዚህ መካከል የለም? «እግዚአብሔር ለእሷ ሰጥቶ ለእኔ ነፈገኝ» ያለ የለም? ሰው ልኮላችሁ ነበር እኮ! ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ፣ እናንተው ከበር መልሳችሁታል።

አሁን ከዚህ ስትወጡ፣ ደጁ ላይ አንድ ሰው እጃችሁን ይዞ «እንዴት ናችሁ?» ይላችኋል። ከመካከላችሁ ቤቱ ውስጥ ጋቢ የተከናነበ ሰው ትቶ የመጣ አለ። ያ የታመመው ሰው ራሱ መናገር አልተፈቀደለትም፤ የእናንተን መልስ ይጠብቃል።

ምን ትሉ ይሆን?