የአስናቁ ዘለበት

በኮልፌ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ፣ ሰው ዕቃ አገላብጦ «ያው ነው» ሲል የሚመልሱለት አንድ አባባል አለ። ዛሬ እየሳቁ ይሉታል፤ የመጣው ግን ከለቅሶ ቤት ነው።

አስናቁ አንቀልባ ሰፊ ነበረች። የሷ አንቀልባ እንደ ድሮው በጠፍር አይታሰርም፤ በፕላስቲክ ዘለበት ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። ዘለበቱ የሚወጣበትን ብረት፣ ሞልዱን፣ ራሷ አሠርታ ለድግፌ ፋብሪካ ሰጥታዋለች። የድግፌ ሥራ ደህና ነው፤ ሰውየው ግን ዘገምተኛ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይብስበታል። ቀልጦ ዘለበት የሚሆነው የናይለን ፍሬ እርጥበት ይጠጣል እያለ በደንብ ሳያደርቅ ማሽን ውስጥ አይጨምርም። ገዢ ደጇ ቆሞ እሷ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። በመጨረሻ መረራትና ሞልዷን ማዶ ወደተከፈተ አዲስ ፋብሪካ ልትወስድ መኪና ይዛ መጣች።

«እትዬ አስናቁ፣ እነሱ ፍሬውን ያደርቁ እንደሆነ ጠይቀሻል?» አላት ድግፌ።

«ሞልዱ የኔ፣ ዘለበቱ የኔ። አንተ ፍሬህን አሙቅ» ብላው ሄደች።

አዲሶቹ ቶሎ አደረሱላት። ዘለበቱ ከድሮው ጎን ቢቀመጥ አይለይም፤ ሲቆለፍ ድምፁም ያው። ብዙ ሳይቆይ ግን ጥርሱ የተሰበረ ዘለበት የያዙ እናቶች ይመላለሱ ጀመር። አስናቁ መጀመሪያ እነሱኑ ወቀሰች፤ ፀሐይ ላይ አስጥታችሁት ነው አለች። ቀጥላ ማሰሪያው ጠብቆ ይሆናል ብላ አላላችው። ሞልዱ ተሰንጥቆ እንደሆነም ሄዳ አስፈትታ አየች፤ ደህና ነው። የተሰበረውን ዘለበት ግን ውስጡን አላየችም። በዚህ ሁሉ መሀል መሸጡን አላቆመችም።

የጎረቤቷ ልጅ ዘርፌ የበኩር ልጇን በአስናቁ አንቀልባ አዝላ ከታክሲ ስትወርድ ዘለበቱ ተሰበረ። ሕፃኑ በጭንቅላቱ አስፋልት ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ደርሶ ነበር፤ አልተረፈም።

አስናቁ ለቅሶው ቤት ገብታ ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠች። የሚያናግራት አልነበረም። ዘርፌ ስብርባሪውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ኖሮ፣ ድግፌ ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ ፈትታ ሰጠችው። የተሰበረበትን ወደ ብርሃን አዞረው። ውስጡ እንደ ዳቦ ልብ ተቦርቡሯል።

«ውሃ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሳይደርቅ ነው ያቀለጡት። እንዲህ የሆነ ናይለን ሸክም አይችልም።»

«ሞልዱ እኮ ያው ነው» አለች አስናቁ፣ ማንም ሳይጠይቃት። «አንድ ነገር አልተለወጠም። መልኩም ያው ነው፣ እዩት እስቲ።»

የሕፃኑ አያት አቶ ቢሻው ስብርባሪውን ከድግፌ እጅ ወስደው ለልጃቸው መለሱላትና፣ ወደ አስናቁ ሳይዞሩ «መልክ ከሞልድ፣ ጽናት ከሠሪ» አሉ።