ሁለት እርምጃ መሬት

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ከገበሬነቱ በፊት ወታደር።

የኔታ ላእከ ማርያም ምሳሌውን እንዲህ ብለው የጀመሩት ምንይችል ለሚባል ሰው ነው። የምንይችል አባት ካረፉ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። በአርባቸው ቀን የሚነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን እንዲጽፍ ቤተሰቡ አደራውን ለእርሱ ሰጥቶታል። ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ ቀደደው። «ቀኑም ቦታውም ትክክል ነው የኔታ፤ የዘመቱበትም አልቀረም። ሳነበው ግን አባቴን አጣቸዋለሁ። የጎደለው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። የኔታም መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ቀጠሉ።

ገበሬው ዘጠኝ ዓመት ጠረፍ ላይ ድንበር ሲጠብቅ ኖሮ፣ አንድ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት ወደ አገሩ ተመለሰ። አገባ፤ አምስት ልጆች ወለደ። ጾም ገድፎ አያውቅም። የማኅበሩ ጽዋ ሲደርሰው ማኅበርተኛው ቀርቶ መንገደኛው ሳይቀር ጠግቦ ይወጣ ነበር። በሬ ሲጠምድ ከሰው ቀድሞ፣ ሲፈታ ከሰው ዘግይቶ ነው። ከአፉ የማይወጣ ነገር ቢኖር የጦርነት ወሬ ብቻ ነበር። ልጆቹ «አባዬ፣ ጦር ሜዳ ምን አደረግህ?» ሲሉት «ብዙ ሄድን» ይላቸዋል። «ከዚያስ?» ሲሉት «ከዚያማ የሄድነውን ተመለስን» ይላል። ሚስቱ ትስቃለች፤ ወሬውም በዚያው ያልቃል።

ይህ ሰው ከትንሣኤ በኋላ፣ በሚያዝያ፣ ብዙም ሳይታመም ሞተ። በአርባው ቀን ተዝካሩ ሊወጣ፣ የሕይወት ታሪኩም በዳሱ ሥር ሊነበብ ተቆረጠ። ጽሑፉ ለበኩር ልጁ ተሰጠ።

ልጁ ጥንቁቅ ነበር፤ ያልለካውን አይናገርም። አባቱ የተወለደበትን ዓመት ለማወቅ ሦስት ሽማግሌዎች ጠየቀ፤ ሦስቱ ሦስት ዓመት ነገሩት። መካከለኛውን ወስዶ ከጎኑ «በግምት» ብሎ ጻፈ። እንዲህ እያለ አንድ ገጽ ሞላ። ከጻፈው ሁሉ ደስ ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ «ከአባቱ የተረከበውን መሬት አንዲት ስንዝር ሳያጎድል ለልጆቹ አስረክቧል።» ሁለት ጊዜ አነበባት። በሦስተኛው ግን ጥርጣሬ ገባው። እውነት ነው? ማን ለካው?

በማግስቱ ገመድ ይዞ ወጣ። እርሻውን በሦስት ወገን ለካ፤ ልክ ነው። በአራተኛው ወገን፣ በምሥራቅ በኩል፣ የወሰኑን ድንጋይ ፈልጎ አጣው። ሣር ለሣር ሲዳስስ ቆይቶ አገኘው። ድንጋዩ ያለው አባቱ ማረስ ካቆመበት ሁለት እርምጃ አልፎ ነው። በመካከሉ ከታችኛው መንደር ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ አለ። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሄደበት መንገድ ነው፤ የአባቱንም ቃሬዛ ተከትሎ የሄደው በዚያው ነው። የማን መሬት እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

እናቱን ጠየቃት። ጌሾ እየወቀጠች ነበር። «አባባ መንገዱ ያለበትን ለምን አላረሰውም? የእኛ እኮ ነው።»

«እዚያ ጥግ ጉልበቴ በሬ አያዞርልኝም ይለኝ ነበር» አለችው፤ ዘነዘናውንም አላቆመች።

ልጁ አፈረ። ያፈረውም ለአባቱ ነው። የአገር ድንበር የጠበቀ ሰው የራሱን ወሰን ለመንገደኛ አስረግጦ ሞተ ሊባል ነው። የጻፋትን ዓረፍተ ነገር መሰረዝ ይችል ነበር። እርሱ ግን ዓረፍተ ነገሯን እውነት ላድርጋት ብሎ ቆረጠ። የተዝካሩ ዋዜማ ማለዳ፣ ቤተሰቡ ለድግሱ ላይ ታች ሲል፣ የአባቱን በሬዎች ጠመደና መንገዱን ማረስ ጀመረ።

ሁለተኛውን ትልም ሳይጨርስ ከማዶ ያለው ጎረቤት መጣ። ሽማግሌ ነው። ልጁ ጅራፉን ጠበቅ አድርጎ ያዘ፤ በዚያ አገር የወሰን ነገር ሰው ያጋድላል። ሽማግሌው ግን ከወሰኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዱላውን በጭኑ ላይ አጋደመ።

«ስንት ትልም ቀረህ?»

«አራት፣ አያ።»

«እንግዲያ ጨርስ። ብቻ ቀጥ አድርግ። አባትህ በአንድ እግሩ እያነከሰ እንዲህ አያጣምምም ነበር።»

ልጁ ደሙ ፈላ። «መሬቱ የእኛ ነው። ድንጋዩ ያውልህ፣ ተቀምጠህበታል።»

«የእናንተ ነው» አለ ሽማግሌው። «እኔ ከምመሰክርልህ በላይ ማንም አይመሰክርልህም።» ይህን ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ልጁ ንግግሩ አልገባውም፤ ግን አልተከተለውም። ስድስቱን ትልም ጨረሰ። ከትልሙ የተገለበጠው አፈር በወሰኑ ዳር ያለችውን የውኃ መውረጃ ቦይ ደፈናት፤ እርሱም አላያትም።

ሌሊቱን የግንቦት ዝናብ ጣለ።

በተዝካሩ ቀን ዳሱ ተጥሎ፣ ድፎው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ ሰው ጠፋ። ቅዳሴ ካበቃ ቆይቷል። ልጁ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ወጣ ገባ አለ። በመጨረሻ ምን ሆነው ነው ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ሄደ።

ሁሉም እዚያው ቆመዋል። ቀሳውስቱ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ሽማግሌዎቹ ተደግፈው፣ መንገዱ ከሚያልቅበትና እርሻው ከሚጀምርበት ላይ ተሰብስበዋል። ቦይዋ ስለተደፈነች ውኃው ትልሙ ላይ ተኝቷል።

«ለምን አትመጡም?» አለ ልጁ።

«እርሻ ነው እኮ» አሉ ቄሰ ገበዙ። «በሟች ተዝካር የሟችን እርሻ ረግጠን እንምጣ? በገደሉ በኩል እንዙር ብለን፣ እማሆይን ማን ይሸከማል እያልን ስንከራከር ነው የቆየን።»

እማሆይ የሚሏቸው ዓይናቸው ከጠፋ ዘመን የሆናቸው መነኩሲት ናቸው። በየሰንበቱ በዚያ መንገድ ዱላቸው እየመራቸው ብቻቸውን ይመጣሉ። አሁን በዱላቸው ጫፍ ጭቃውን እየነካኩ ነበር።

«የወታደሩ መንገድ እዚህ ጋ ነበር» አሉ። «ዛሬ እሱም አብሮ ተቀበረ እንዴ?»

«ልጁ አርሶት ነው እማሆይ» አለ ጎረቤቱ ከኋላ።

«አይ፣ ይሁን። ልጅ ያርሳል።»

ልጁ «የወታደሩ መንገድ» የሚለውን ስም ሰምቶ አያውቅም። «አያ፣ ለምን የወታደሩ ተባለ?» አለና ወደ ጎረቤቱ ዞረ።

ሽማግሌው ዱላውን ተደግፎ ወደ ፊት ወጣ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረ። «አባትህ ጠረፍ በነበረበት ዘጠኝ ዓመት ከድንጋዩ አልፌ ሁለት እርምጃ አርሼበታለሁ። ሲመለስ ሽማግሌ ፈርዶ መለሰለት። መጀመሪያ በሚያርስበት ቀን አገሩ ሁሉ ሊያይ ወጣ፤ ጠመንጃ ይዞ ይመጣል ብለን። በሬውን ብቻ ነድቶ መጣ። አረሰ፣ አረሰና ከድንጋዩ ሁለት እርምጃ ሲቀረው አዞረ። እኔማ ወጥመድ መሰለኝ፤ ሣሩን የረገጥሁ ቀን ሊተኩስብኝ ነው ብዬ አንድ ክረምት እንቅልፍ አጣሁ። በሁለተኛውም ዓመት አዞረ። ሰው ማለፍ ጀመረ። በሦስተኛው ሐፍረት ያዘኝና በእኔ በኩል ቦይ ቆፈርሁለት፣ መንገዱ እንዳይጨቀይ። ስለ ነገሩ ተነጋግረን አናውቅም። ግን አንድ ቀን ማኅበር ላይ ጠየቅሁት።»

«ምን አለህ?»

«‹ዘጠኝ ዓመት ድንበር ስጠብቅ ማንም በሰላም ሲያልፍበት አላየሁም። አንድ ወሰን እንኳ ሰው ሲያልፍበት ልይ ብዬ ነው› አለኝ። ‹ለልጆቹ ግን ጉልበቴን አሞኝ ነው እላቸዋለሁ› አለ፤ ‹ደግ ሠራሁ ብዬ እንዳልኮራ።›»

ልጁ ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ጫማውን አወለቀ። ሱሪውን ሰብስቦ የእማሆይን እጅ ያዘና፣ ራሱ ካረሰው ትልም ውስጥ ገባ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰጠመ።

«ርገጡት» አለ ዞሮ። «እባካችሁ፣ ሁላችሁም ርገጡት። ይጠቅጠቅ።»

መጀመሪያ ቄሰ ገበዙ ገቡ። ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ሌላው ሰው። አንዱ ሲንሸራተት ሌላው እየያዘው፣ አንዷ «ለተዝካር ወይስ ለጭቃ ነው የጠራኸን?» እያለች እየተሳሳቁ ተሻገሩ። ጎረቤቱ ወደ ኋላ ቀርቶ በዱላው ቦይዋን ይከፍት ጀመር።

በዳሱ ሥር ልጁ ተነሣ፤ እግሩ ገና ጭቃ ነው። ወረቀቱን አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። «አባቴ» አለ፣ «ዘጠኝ ዓመት ድንበር ጠበቀ። ከዚያ ሠላሳ አራት ዓመት በወሰኑ ላይ ሰው አሳለፈ። እኔ ትናንት አረስሁት፤ ይቅር በሉኝ።» ከዚህ በላይ አልተናገረም። እናቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅስ ይሁን ትስቅ አልለየላትም። ሰዉም በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ፤ ማምሻውን በመጣበት ተመልሶ ሄደ።

የኔታ ይህን ተናግረው ወደ ምንይችል ዞሩ።

«አንተም እንደዚያ ልጅ ነህ። አባትህ የት እንደዘመቱ፣ ስንት ልጅ እንዳሳደጉ፣ ስንት ዓመት እንደሠሩ ለክተሃል። ልክህ ትክክል ነው፤ አትቅደደው። ነገር ግን ገመድ የሚለካው የታረሰውን ነው። አባትህ ማረስ ሲችሉ በሬውን ያዞሩበት ቦታ አለ። መናገር ሲችሉ ዝም ያሉበት፣ መውሰድ ሲችሉ የተዉበት። እሱን ከራስህ ቤት አታገኘውም፤ ለእናንተ ጉልበቴን አሞኝ ነው ብለዋችኋል። ጎረቤት ጠይቅ። አብሯቸው የሠራውን ጠይቅ። የተጣሏቸው ሰው ካለ ደግሞ እሱን አስቀድም።»

ምንይችል አሰበ። እንደ ልማዱ ተጠራጠረ።

«ጠይቄ ጠይቄ ባላገኘውስ፣ የኔታ?»

የኔታ መቋሚያቸውን አነሡ።

«ካላገኘኸው፣ እንደዚያ ልጅ ሳታውቀው እየሄድህበት ነው ማለት ነው።»