ያልወሰነችው ኤሊ

ተረት ተረት፤ የሰማ ይቀመጥ፣ ያልሰማ ይቅረብ።

ጅብና ድኩላ ለጫካው መሪነት ተወዳደሩ። ጅብ ከተመረጠ የድኩላ ግልገሎች አንድ ሌሊት እንደማያድሩ ሁሉም ያውቃል። ጦጣ ከጎሬ ጎሬ እየዞረች የአራዊቱን ሐሳብ ጠየቀችና «እኩል ናቸው! ያልወሰነችው ኤሊ ብቻ ናት» ብላ አወጀች።

ኤሊ ግን በልቧ ድኩላን ከመረጠች ቆይታለች። በማግስቱ ድኩላ ለግልገሎቿ ያስቀመጠችውን ለምለም ቅጠል ይዛላት መጣች።

«እትዬ ኤሊ፣ ወሰኑልኝ?»

«ኧረ ገና ነኝ ልጄ! እስቲ ነገም ብቅ በይ» አለች ኤሊ ቅጠሉን እያኘከች።

ይህን ያዩት ጥንቸልና ጃርትም የወሰኑትን ትተው «እኛም ገና ነን» አሉ። ድኩላ ለሁሉም ቅጠል ስትሸከም ራሷ ሳትበላ ከረመች። ጅብ ጥላ ሥር ተጋድሞ ይጠብቃል።

በምርጫው ቀን ድኩላ እግሯ እየተብረከረከ ቀረበች።

«ራሷን ያልመገበች እኛን ልትመግብ?» አለ ጃርት። አራዊቱ ሁሉ ወደ ጅብ ዞሩ።

ኤሊም አብራ ዞረች። «እኔስ ወስኜላት ነበር» አለች፤ «ምን ላድርግ፣ ከሳችብኝ!»

ተረቴም አለቀ፣ አፌም ደረቀ።