ሽቅብ የሚመለሰው ወንዝ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ እምቢ ባለበት ዘመን፣ አንዲት የደጋ አህያ ውርንጭላዋን አስከትላ ወንዝ ወንዙን ስትወርድ ውሃው ባሕር ከሚገባበት ቦታ ደረሰች። ምን ያህል ሰፊ ወንዝ መሰላችሁ! ማዶው አይታይም። ዓሣውም ሣሩም ከእሱ ስለሆነ የዚያ አገር እንስሳ ሁሉ የሚኖረው በእሱ ነው።

ያን ጊዜ ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ተገልጧል። መሀል ላይ የለመለመ ደሴት አለ። የውርንጭላዋ እግር ከራብ የተነሣ ይንቀጠቀጣል። አህያ ልትሻገር ስትል የአገሩ ሽማግሌ ጉማሬ ጠራት።

«አንቺ እንግዳ! ዳር ዳሩን ጋጪ። ይሄ ወንዝ ሄዶ አይቀርም። ባሕሩ ሲሞላ ሽቅብ ይመለስና ደሴቱንም ይውጠዋል።»

አህያ ሳቋ መጣ። «ኧረ አባቴ! እኔም እኮ ያደግሁት ወንዝ ዳር ነው። ሽቅብ የሚፈስ ወንዝ የት አገር ታየ?»

«እዚሁ» አላት ጉማሬ።

ይህን ሁሉ ቀበሮ ቁጥቋጦ ሥር ሆኖ ይሰማል። ጉማሬ ዞር ሲል ጠጋ አላት።

«እመት አህያ፣ ሽማግሌው ጃጅቷል። ዳሩንማ ጅብ አይለየውም። ደሴቱ ላይ ግን ማን ይነካሻል?»

የጅብ ስም ሲነሣ አህያ ዳሩን ፈራች። ልጇን ይዛ ተሻገረች።

ያ መሠሪ ታዲያ በዚህ አላበቃም። ጅብ ዘንድ ሮጦ «አያ ጅቦ፣ ሥጋ ደሴቱ ላይ ቆሞልሃል!» አለው።

አህያ ቀና ስትል ጅብ በጭቃው ላይ ሲመጣ አየች። ጅብ ግን መንገድ ላይ ውሃ የተዋቸውን ዓሦች ሲያይ ቆመ። «አህያዋ የት ትሄድብኛለች! መጀመሪያ ይችን» እያለ ይሰለቅጥ ጀመር።

ወንዙ ዞረ። ውሃው እያጓራ ሽቅብ መጣና ጅብን አፉን እንደሞላ ጠርጎ ወሰደው።

«ሩጥ ልጄ!» ብላ ጮኸች አህያ።

«እማዬ፣ እግሬ!» ጭቃው ይዞታል።

ጋማውን ነክሳ ጎተተች፣ ጎተተች። ውሃው ልጇን ከአፏ ነጠቃት። ጉማሬ በግንባሩ እየገፋ ዳር ያወጣት ብቻዋን ነበር።

ቀበሮ ዳሩ ላይ ቁጭ ብሎ ውሃው የሚተፋውን ሬሳ ይጠብቃል።

«እንደሚመለስ ታውቅ ነበር?» አለችው እያለቀሰች።

«ሽማግሌው ሲነግርሽ አብሬሽ ሰማሁ። እኔ አመንኩት።»

ወንዙ ሄደ፤ በማግሥቱም ተመለሰ። አህያም ዳሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ውርንጭላዋ ግን አልተመለሰም።

ከዚህ የምንማረው፣ በማናውቀው አገር የነዋሪውን ምክር በሳቅ ብናልፈው መከራው የሚብሰው እኛን አምኖ በሚከተለን ላይ መሆኑን ነው።